ፈጥኖ የሚያፈስ ማጣሪያ አያጣራም፦ በጓሮ ስለሚሠራ የሸክላ ውኃ ማጣሪያ ለወጣ ጽሑፍ ምላሽ

ማንም ሰው በጓሮው በጥቂት ቀን የሸክላ ውኃ ማጣሪያ ሊሠራ እንደሚችል የሚያስተምር ጽሑፍ ሰሞኑን በብዙ ሰው እጅ ገብቷል። አሠራሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ጣሳ የሸክላ አፈር ከአንድ ጣሳ ሰጋቱራ፣ የጤፍ ጭድ፣ የቡና ገለፈት ወይም እበት ጋር ይለወሳል፤ መንፋት አያስፈልግም፤ በድስት ቅርጽ ይበጃል፤ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ሁለት ሰዓት ይቃጠላል፤ እንደ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል፤ ከዚያ የወንዝ ውኃ ይሞላበትና የሚንጠባጠበው ይጠጣል። ቀስ ብሎ ካፈሰሰ በሚቀጥለው ጊዜ ሰጋቱራው ይጨመር፣ ከተሰነጠቀ በሲሚንቶ ይጠገን፣ ውስጡ ጥቁር ሆኖ ቢቀርም ከሰል ስለሆነ ይጠቅማል ይላል። ሲበዛ ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳውን ፍሎራይድ ያስወግዳል፣ ብር መቀባት ደግሞ ዋጋ ለማስወደድ የመጣ ነገር ነው ሲልም ያክላል። ለማስረጃ የሸክላ ማጣሪያ የተስፋፋባቸውን ኒካራጓንና ካምቦዲያን ይጠራል።

የጸሐፊውን በጎ ዓላማ አንጠራጠርም። ዝም ብለን ያላለፍነው የሚሠራው ዕቃ የአበባ መትከያ ስላልሆነ ነው። ውኃው ንጹሕ አለመሆኑን የምታውቅ እናት ታፈላዋለች፤ ተጣርቷል ብላ ያመነች ግን አታፈላም፣ ለሕፃኗም እንዲሁ ትሰጣለች። የማያጣራ ማጣሪያ ቤት ውስጥ ከሚገባ ጭራሽ ባይኖር የሚሻለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንሄዳለን።

ማጣሪያው የቱ ጋ ነው?

ሰጋቱራ በሸክላ ውስጥ ቦታ ይዞ ቆይቶ ሲቃጠል ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል መባሉ ትክክል ነው። የጓቴማላው ፈርናንዶ ማዛሪዬጎስ እ.ኤ.አ. በ1981 የድስት ቅርጽ ያለውን ማጣሪያ ሲቀምር የተነሣው ከዚሁ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ መካከለኛው አሜሪካን ከመታ በኋላም ሮን ሪቬራ ፖተርስ ፎር ፒስ ከተባለው ድርጅት ጋር ሆኖ በኒካራጓ፣ ቀጥሎም በብዙ አገሮች አስፋፍቶታል።

ስህተቱ የሚጀምረው ጽሑፉ የሚያጣራው ሰጋቱራው የተወው ቀዳዳ ነው ሲል ነው። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነች የሰጋቱራ ቅንጣት ስትቃጠል 500 ማይክሮን የሚሆን ባዶ ቦታ ትተዋለች። ኢ. ኮላይ የተባለችው ባክቴሪያ ርዝመቷ 2 ማይክሮን ገደማ ነው። እንግዲህ ያንን ቀዳዳ ከዳር እስከ ዳር ለመሙላት 250 ባክቴሪያ ተጋድሞ መሰለፍ አለበት። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ባክቴሪያን የሚያስቀርበት ምንም መንገድ የለውም።

ባክቴሪያውን የሚያስቀረው በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል የቀረው የተቃጠለ ሸክላ ነው። ሸክላ ሰጋቱራ ባይገባበትም የራሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ መጠናቸው ከ1 ማይክሮን ብዙም አይርቅም። እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው በእነዚያ በኩል ውኃው ወደ ውጭ እያላበ ስለሚተን ነው። ችግሩ በእነሱ ብቻ የሚያልፈው ውኃ በጣም ጥቂት መሆኑ ነው፤ በቀን አንድ ቤተሰብ አያጠጣም። ሰጋቱራው የሚያደርገው ውኃው በሸክላው ውስጥ የሚጓዘውን መንገድ ማሳጠር ነው። 2 ሴንቲሜትር የነበረው ግድግዳ በብዙ ቀጫጭን የሸክላ መጋረጃዎች ይከፋፈላል፤ ውኃው ከአንዱ ባዶ ቦታ ወደ ሌላው ሲሻገር በየመጋረጃው ይጣራል። መጋረጃው ካለ ያጣራል፤ ባዶዎቹ እርስ በርስ ተነካክተው መጋረጃው ከጠፋ ግን ውኃው በሸክላ ውስጥ ሳያልፍ በቀጥታ ይወርዳል።

ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህች ነገር ይመነጫል።

በጣሳ መለካት

ሰጋቱራ በጣሳ አይለካም። 20 ሊትር ባልዲ ላላ ተደርጎ ሲሞላ 4 ኪሎ ሰጋቱራ ከያዘ፣ በእጅ ጫን ጫን ሲደረግ 5 ወይም 6 ኪሎ ይይዛል። ከእንጨት መሰንጠቂያ ትኩስ የመጣ ሰጋቱራ ደግሞ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎች በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ቀን ለክተው ፈጽሞ የተለያየ ማጣሪያ ይሠራሉ ማለት ነው።

መለኪያው ሚዛን ነው፤ የሚመዘነውም ደረቁ ነው። ሰጋቱራው በፀሐይ ተሰጥቶ፣ ዛሬና ነገ ሲመዘን ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይደርቃል። አፈሩም እንዲሁ ደርቆ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ ይመዘናል። ለጀማሪ ጥሩ መነሻ የሚሆነው በ10 ኪሎ ደረቅ አፈር ላይ 1.2፣ 1.5፣ 1.8 እና 2.1 ኪሎ ሰጋቱራ ያለባቸውን አራት ልውሶች ሠርቶ፣ ከያንዳንዳቸው ቢያንስ አምስት አምስት ማሰሮ አቃጥሎ ማወዳደር ነው። ውኃው ለ10 ኪሎ አፈር ከ4 እስከ 5 ሊትር ይሆናል፤ እንደ አፈሩ ጥም ይለያያል። መጀመሪያ ደረቁ ከደረቁ ጋር ቀለሙ አንድ እስኪሆን ቢያንስ 10 ደቂቃ ይደባለቃል፣ ከዚያ ውኃው በጥቂት በጥቂቱ ይገባል። ውኃ ቀድሞ ከገባ ሰጋቱራው በአንድ ቦታ ይጓጉላል፤ የጓጎለበት ቦታ ሲቃጠል አንድ ትልቅ ዋሻ ነው።

የተለወሰው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቢበጅ ይሻላል። ከዚያ በላይ ከቆየ ሰጋቱራው መብላላት ይጀምራል፣ ይሸታል፣ የጭቃውም ባሕርይ ይለወጣል።

ሰጋቱራም፣ ጭድም፣ ገለፈትም ያው ነው ስለ መባሉ

ያው አይደለም። ጽሑፉ ሁሉም ተቃጥሎ ይጠፋል ይላል፤ ሁሉም እኩል አይጠፋም። ሰጋቱራ ተቃጥሎ የሚተወው አመድ ከክብደቱ 1 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። የሩዝ ገለባ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ አመድ ይተዋል፤ አመዱም አብዛኛው ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋ የተሠራበት ነገር ነው። በካምቦዲያ 30 ኪሎ የተፈጨ ሸክላ ላይ ከ9 እስከ 10 ኪሎ የተፈጨ የሩዝ ገለባ ይገባል። ያንን ቀመር አይቶ በገለባው ፋንታ ሰጋቱራ የሚያስገባ ሰው በ10 ኪሎ አፈር ላይ 3 ኪሎና ከዚያ በላይ ሰጋቱራ አስገባ ማለት ነው። የሚወጣው ማሰሮ ውኃውን እንደ ወንፊት ይለቀዋል፣ በእጅም ይፈረካከሳል።

የቡና ገለፈት ፖታሲየም ይበዛበታል። ሲደርቅ ጨው ሆኖ ወደ ላይ ይወጣና በማሰሮው ገጽ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ በእሳት ውስጥ ደግሞ ሸክላው ቀድሞ እንዲቀልጥ ያግዛል፤ የቀለጠው ሸክላ ጥቃቅኖቹን ቀዳዳዎች ይዘጋል። በቡና ገለፈት መሥራት ክልክል ነው አንልም። የራሱ መጠን፣ የራሱ የእሳት ደረጃ አለው፤ ለሰጋቱራ የተገኘው ቁጥር አይሠራለትም።

የጤፍ ጭድ ችግሩ ቅርጹ ነው። ለግድግዳ ምርጊት ጭቃውን እየያዘ እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው ርዝመቱ፣ ለማጣሪያ ሲሆን ጠላት ነው። 1 ሴንቲሜትር የሆነ ጭድ ሲቃጠል 1 ሴንቲሜትር ቱቦ ይተዋል፤ ሁለት ቱቦ ከተገናኘ ግድግዳው ተሻገረ። ከዚህ በላይ ደግሞ ጭቃው በሞልድ (በቅርጽ ማውጫ) ሲጫን ጭዱ ሁሉ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ይጋደማል፤ ማሰሮው ሲቃጠል ግድግዳው እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ጭድ መጠቀም የፈለገ ሰው ማስፈጨትና እንደ ሰጋቱራው መንፋት አለበት። እበትን በተመለከተ፣ እሳቱ ጀርሙን ስለሚገድለው ፍርሃቱ እሱ አይደለም፤ ከብቱ የበላው በየጊዜው ስለሚለያይ ጨውም፣ አመድም፣ የቃጫው ርዝመትም አንድ አይሆንም። ዛሬ ያገኙትን ነገ አይደግሙትም።

መንፋት አያስፈልግም ስለ መባሉ

ከጽሑፉ ስህተቶች ሁሉ አደገኛው ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም በዓይን አይታይም። በ2 ሴንቲሜትር ግድግዳ ውስጥ አንዲት 1 ሴንቲሜትር የሆነች የእንጨት ፍላጭ ከገባች ግማሹን መንገድ ብቻዋን ትበሳለች። ማሰሮው ከላይ ሲያዩት እንከን የለውም። ውኃውም ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ ጥርት ማለቱ ግን ከባክቴሪያ ነፃ መሆኑን አያሳይም።

የሚሠራው እንዲህ ነው። በ2.5 ሴንቲሜትር ርዝመት ላይ 30 ቀዳዳ የሚቆጠርበት የሽቦ ወንፊት ይያዝ፤ የአንዱ ቀዳዳ ስፋት 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሰጋቱራው በዚያ ይነፋል፤ ያላለፈው ይጣላል ወይም እንደገና ይፈጫል። ዱቄት ዱቄት የሆነውም በጣም ከበዛ ሌላ ችግር ያመጣል፦ ተለያይተው የሚቀሩ ጥቃቅን ባዶዎች ስለሚሠራ ማሰሮውን ያደክመዋል እንጂ ፍሰቱን ብዙም አይጨምርም። አፈሩም በተመሳሳይ ወንፊት ይነፋል። በተለይ በአፈሩ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ጓል ካለ መንፋቱ ግዴታ ነው። ኖራው በእሳት ውስጥ ከ800 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይለወጥና፣ ማሰሮው ውኃ ሲነካው እያበጠ ግድግዳውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። በአፈሩ ላይ አቼቶ ጠብ ሲደረግ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት።

ወንፊት ያልቃል። በየሳምንቱ ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት፣ የተቀደደች አንዲት ሽቦ ካለች መለወጥ ያስፈልጋል። በተቀደደ ወንፊት የተነፋ አንድ ባልዲ ሰጋቱራ የዚያን ቀን ሥራ ሁሉ ያበላሻል።

ከዘገየ ሰጋቱራ ጨምሩ ስለ መባሉ

የባዶዎቹ ድርሻ ከግድግዳው ሲሶ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ሰጋቱራ በተጨመረ ቁጥር ፍሰቱ ቀስ እያለ ይጨምራል። ከዚያ ካለፈ ባዶዎቹ እየተነካኩ ሰንሰለት መሥራት ይጀምራሉ፤ ፍሰቱም ድንገት ይዘላል። ያ ዝላይ ማጣሪያው መሥራቱን ያቆመበት ምልክት ነው። ጥንካሬውም አብሮ ይወድቃል፤ ባዶው 40 በመቶ የደረሰ ሸክላ ከድፍኑ ጥንካሬ አብዛኛውን አጥቷል። ውኃ የሞላ ማሰሮ በጠርዙ ሲነሣ የሚሰበረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፍሰት ሲዘገይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰጋቱራው ተቃጥሎ አልቋል ወይ የሚለው ነው፤ ቀጥሎ እሳቱ በዝቶ ሸክላው ተዘግቷል ወይ የሚለው። ሰጋቱራ መጨመር የመጨረሻው ነው። አገልግሎት ላይ ሳለ የዘገየ ማጣሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደለል ስለያዘው ነው፤ በንጹሕ ብሩሽና በተጣራ ውኃ ውስጡ ሲፈተግ ይመለሳል። ደፍራሽ ውኃ ቀድሞ ቢዘቅጥና በነጠላ ጨርቅ ቢጠለል ማጣሪያው ቶሎ አይዘጋም። ሳሙና ወደ ማሰሮው አይግባ፤ ሳሙናው ከማሰሮው ሥር ሆኖ የተጣራውን ውኃ ለሚቀበለው ባልዲ ነው።

ሁለት ሰዓት የሜዳ እሳት

እዚህ ላይ ረዘም እንላለን፤ ብዙ ማጣሪያ የሚበላሸው በእሳት ነው።

የሜዳ እሳት ለጀበናና ለድስት ለዘመናት አገልግሏል፣ ያገለግላልም። ግድግዳቸው ቀጭን ነው፤ ውስጣቸውም የሚቃጠል ነገር የለም። ማጣሪያው ግን ነዳጁን በሆዱ ይዞ ወደ እሳት የሚገባ ዕቃ ነው። ለአንድ ማጣሪያ ወደ 6 ኪሎ ደረቅ አፈርና 1 ኪሎ ሰጋቱራ ቢገባ፣ 50 ማጣሪያ የተደረደረበት ምድጃ ውስጥ 50 ኪሎ ደረቅ እንጨት ተሰግስጓል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከ250 እስከ 450 ዲግሪ ባለው መሐል ይነሣል። በዚያ ሰዓት ከውጭ እሳት ማብዛት የተጀመረውን ማዕበል ማባባስ ነው። ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ገጹ ይፈነዳል።

በዝግ ምድጃ የሚሄደው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ማሰሮው በጥላ ሥር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ በክረምት እስከ ሦስት ሳምንት ይደርቃል። ፀሐይ ላይ በቀጥታ ከወጣ ጠርዙ ከሥሩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ምድጃ ከገባ በኋላ እስከ 120 ዲግሪ ድረስ ከ2 እስከ 3 ሰዓት በለስላሳ እሳት ይቆያል፤ የቀረው ውኃ በእንፋሎት የሚወጣው ያኔ ነው። ከዚያ እስከ 450 ድረስ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ብቻ ይጨምራል። ጢሱ ሲከብድ ማገዶው ይቀነሳል፣ የጢስ መውጫውና የአየር መግቢያው ግን ይከፈታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ጢሱን ፈርቶ አየሩን ይዘጋል። አየር ያጣ ሰጋቱራ አይቃጠልም፣ ይከስላል እንጂ።

ከ450 እስከ 600 ባለው ሸክላው በውስጡ የተሳሰረውን ውኃ ይለቃል። ሸክላ ተመልሶ ጭቃ የማይሆነው ይህንን ካለፈ በኋላ ነው። በሜዳ እሳት ዳር ላይ የነበረ፣ ወደዚህ ያልደረሰ ማሰሮ ቀይ መስሎ ይወጣና ውኃ ሲገባበት ይሟሟል። በ573 ዲግሪ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሸዋ በድንገት ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝም እዚያው ላይ ይሰበሰባል፤ በመውጣትም በመውረድም ይህ ቦታ በዝግታ መታለፍ አለበት።

ከ600 እስከ 800 ባለው የቀረው ከሰል ይቃጠላል። ከ700 እስከ 750 አካባቢ አየር እንደልብ እየገባ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ማቆየት ከማንኛውም ነገር በላይ ይጠቅማል። መጨረሻው ከ860 እስከ 880 ዲግሪ ነው። ቴርሞኮፕል የተባለው የምድጃ ሙቀት መለኪያ ያለው በእሱ ይከታተል፤ የሌለው በታወቀ ሙቀት ለስልሶ የሚጎነበሰውን ትንሽ ሾጣጣ፣ ፓይሮሜትሪክ ኮን ቁጥር 012ን፣ በመመልከቻው ቀዳዳ ትይዩ ያስቀምጥ፤ ኮኑ ሲጎነበስ ደርሷል። የእሳቱን ቀለም በዓይን መገመት አይበቃም፤ በፀሐይ ብርሃንና በማታ አንድ ዓይነት እሳት ሁለት መስሎ ይታያል። ከ1000 ዲግሪ ወደ ላይ ከተሄደ ደግሞ ብዙ ዓይነት አፈር መቅለጥ ይጀምራል፣ ቀዳዳዎቹም ይደፈናሉ። ካበቃ በኋላ ምድጃው ተዘግቶ እስከ ማግስቱ ይቀዘቅዛል። በትኩሱ የተከፈተ ምድጃ ስንጥቅ ይቆጠርበታል።

ጥቁሩ ውስጥ

ከእያንዳንዱ ቃጠሎ አንድ ማሰሮ ሆን ተብሎ ይሰበራል። ስባሪውን ከጎን ሲያዩት ዳርና ዳሩ ቀይ፣ መሐሉ ጥቁር ከሆነ ሰጋቱራው አላለቀም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግድግዳው በሚወፍርበት በሥሩና በጠርዙ ላይ ነው።

ጽሑፉ ይህ ከሰል ውኃውን ያጣራል ይላል። ለውኃ ማጣሪያ የሚያገለግለው አክቲቬትድ ካርቦን በከፍተኛ ሙቀት በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ተሠርቶ፣ ውስጡ በማይቆጠር ቀዳዳ የተሞላ ነው። በግድግዳ ውስጥ ታፍኖ የቀረው ጥቁር ግን ያልተቃጠለ ቅሪት ነው። ባዶ ሊሆን የሚገባውን ቦታ ይዟል፤ ፍሰቱ የዘገየው በእሱ ነው። አየር ባጣበት ቦታ የአፈሩ ብረትም ባሕርዩ ተለውጦ ሸክላው ያለ ጊዜው እንዲቀልጥ ያደርጋል። እንግዲህ ዘግይቶ የሚያፈስ፣ ውስጡ ጥቁር የሆነ ማሰሮ የሠራ ሰው የጽሑፉን ምክር ሰምቶ ሰጋቱራ ቢጨምር የሚያገኘው የበለጠ ጥቁር ነው። መድኃኒቱ አየርና ጊዜ ነው።

ማሟሸት

ይህች አጭር ናት። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የሚታሸው ቅባቱ የሸክላውን ቀዳዳ ገብቶ እንዲደፍንና ሊጡ እንዳይጣበቅ ነው። ማጣሪያን ማሟሸት ታዲያ ሲለፋበት የተከረመውን ቀዳዳ መልሶ መድፈን ነው። ቅባት የነካው ማጣሪያ ውኃ አያሳልፍም፤ ለማዳን ያለው መንገድ እንደገና ማቃጠል ብቻ ነው። ቅባት ባለው እጅ እንኳ ውስጡ ባይነካ ይመረጣል።

ስንጥቅና ሲሚንቶ

ሲሚንቶው ስንጥቁን ከላይ ይሸፍነዋል፤ ስንጥቁ ግን በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል። ማጣሪያው በየቀኑ ውኃ እየጠጣና እየደረቀ ሲሚንቶና ሸክላ እኩል አይለጠጡም፣ እኩልም አይሰበሰቡም፤ በመካከላቸው አዲስ ፀጉር መሰል ስንጥቅ ይከፈታል። የተሰነጠቀ ማጣሪያ አይጠገንም።

ስንጥቅን ለማግኘት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሸክላ ሠሪዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው፦ ደረቁን ማሰሮ በጣት አንጓ ማንኳኳት። ደህናው ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ሁለተኛው ማሰሮውን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሮ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ውኃ በሞላበት በርሜል ውስጥ መድፈቅ ነው። ከአንድ ቦታ አረፋ ተከታትሎ ከወጣ እዚያ ቀዳዳ አለ። ነገር ግን ይህን ፈተና ስላለፈ ብቻ ደህና ነው አይባልም። በ30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት አየርን ማስወጣት የሚችለው 0.1 ሚሊሜትር በሚጠጋ ወይም ከዚያ በሚሰፋ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ከዚያ የጠበበውን ውኃው ራሱ በጉልበቱ ይዞት ይቀራል። 0.1 ሚሊሜትር ደግሞ ለባክቴሪያ አደባባይ ነው። ስለዚህ አረፋው መጥፎውን ይለያል፣ ጥሩውን ግን አያረጋግጥም።

ከዚያ በኋላ የፍሰት ፈተና ይመጣል፤ ጽሑፉ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። ውኃ ጠጥቶ ያደረው ማሰሮ እስከ አፉ ይሞላል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። በሰዓት ከ1 እስከ 2.5 ሊትር የሚያፈስ ተቀባይነት አለው። ከዚያ የፈጠነ ይጣላል፤ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ጣሪያ በላብራቶሪ ውጤት ያስተካክላል። ከ1 ሊትር በታች የሆነው አደጋ የለውም፤ ግን ቤተሰቡ ሲሰለች ወደ ወንዙ ውኃ ይመለሳል። ይህ ፈተና በናሙና አይሠራም፣ ለእያንዳንዱ ማሰሮ ነው። በተጨማሪ ከየቃጠሎው ጥቂት ማሰሮዎች ተመርጠው፣ የገባው ውኃና የወጣው ውኃ ጎን ለጎን ለኢ. ኮላይ ይመረመራሉ። የወጣውን ብቻ መመርመር ምንም አይነግርም፤ የገባውም ንጹሕ ኖሮ ይሆናል።

ፍሎራይድና ብር

በስምጥ ሸለቆ ለሚኖር አንባቢ የፍሎራይዱ ነገር ቀላል አይደለም። ፍሎራይድ በውኃው ውስጥ ሟሟቶ ያለ ነው፤ ከማንኛውም የሸክላ ቀዳዳ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ውኃ ይህ ማጣሪያ አይለውጠውም፤ ለዚያ የአጥንት ከሰልን የመሰለ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ጨውም፣ አርሰኒክ የተባለው መርዝም እንዲሁ ያልፋሉ። ቫይረስ ከባክቴሪያ በብዙ ያነሰ ስለሆነ ሸክላው በእሱ ላይ ደካማ ነው።

ብርን በተመለከተ ጽሑፉ ግማሽ እውነት ይዟል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሸክላው ነው፤ መጥፎ ማሰሮ ብር ስለተቀባ ጥሩ አይሆንም። ብሩ የሚያግዘው ሸክላው ያስቀራቸው ባክቴሪያዎች በግድግዳው ላይ እንዳይራቡ ነው። በተለመደው አሠራር ለአንድ ማጣሪያ 64 ሚሊግራም ገደማ ብር በውኃ ተበጥብጦ፣ ፈተናውን ባለፈ ማሰሮ ላይ ከውስጥም ከውጭም በብሩሽ ይቀባል፤ ከደረቀ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ተሞልቶ የወረደው ውኃ ይደፋል። በረኪና ብሩን ስለሚያሟሟው ማሰሮው በበረኪና አይታጠብም።

ኒካራጓና ካምቦዲያ

በካምቦዲያ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናት ማጣሪያውን በተጠቀሙ ቤቶች የተቅማጥ በሽታ 46 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህንን ቴክኖሎጂ የምንወደውም ስለዚህ ነው። ግን እነዚያ ማጣሪያዎች በክሪክ በሚጫን ሞልድ አንድ ዓይነት ውፍረት ይዘው የተበጁ፣ በዝግ ምድጃ የተቃጠሉ፣ ፍሰታቸው አንድ በአንድ የተለካ፣ ቧንቧ ባለው ክዳናም ባልዲ ላይ የተቀመጡ ነበሩ። ያንን ቁጥር አንሥቶ በጣሳ ተለክቶ ሜዳ ላይ ለተቃጠለ ማሰሮ ማስረጃ ማድረግ አይቻልም። በዚያው ጥናት በየወሩ 2 በመቶ ያህሉ ማጣሪያ ከአገልግሎት ይወጣ ነበር፤ ዋናው ምክንያት መሰበር ነው። ስለዚህ መለወጫ ማሰሮ በአቅራቢያ የማይገኝበት ቦታ ሥራውን መጀመር ቤተሰቡን ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ነበረበት መመለስ ነው።

በዚህ አገር ሸክላ የሚያውቁ እጆች ሞልተዋል፤ ከቀጨኔ እስከ ጂንካ አካባቢ ያሉ ሴቶች ስለ አፈር የሚያውቁትን የትኛውም መመሪያ አልያዘውም። የሚጎድለው ሚዛን፣ ወንፊት፣ ዝግ ምድጃና የፍሰት መለኪያ ነው። ጥቂት ሠሪዎች ተባብረው አንድ ምድጃ ቢኖራቸው፣ ጽሑፉ ለየጓሮው የመከረውን በደንብ መሥራት ይችላሉ።

አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፤ ፈተናውን የወደቀ ማሰሮ ምን ይደረግ ለሚለው ጽሑፉ መልስ የለውም። ጥግ ላይ ከተቀመጠ አንድ ቀን አንድ ሰው አንሥቶ ውኃ ይሞላበታል፤ መልኩ ከደህናው አይለይምና። ስለዚህ ፈተናው ላይ እንዳለ ሥሩ በመዶሻ ይበሳ። ወይም ተሰብሮ፣ ተወቅጦ፣ በዚያው በ0.6 ሚሊሜትር ወንፊት ከተነፋ በኋላ በ10 ኪሎ አፈር ላይ እስከ 1 ኪሎ ድረስ ለሚቀጥለው ልውስ ይግባ፤ ገሉ አዲሱ ማሰሮ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ያግዛል። ይህ ሲደረግ ግን ፍሰቱም ስለሚለወጥ ከ1.2 ኪሎ ጀምሮ ያለው ሙከራ እንደገና ይሠራል።